መልስ ያጣው ፉጨት

ዝናቡ እስኪያባራ ማንም የትም አይሄድም፤ ስለዚህ አርፋችሁ ተቀመጡ። አንተም በሩ ላይ የቆምከው፣ ጃንጥላህን እጠፍና ግባ። አንቺ ልጄ፣ ያን ስልክ አጥፊው። ዛሬ እዚያ ውስጥ የሚጯጯኹትን ሰዎች ሳይሆን እኔን ነው የምትሰሙት። ጥርሴ አልቋል፣ ምላሴ ግን አለች። እዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ደግሞ አትቆጡ፣ ተረቱ ስለ እነሱ አይደለም። ስለ ሰስ ነው።

እንግዲህ ድንጋይ ይናገር በነበረበት፣ ነፋስም ወሬ ያመላልስ በነበረበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ አንድ ትልቅ ገደል ነበረ። በገደሉ ላይ አንዲት ሰስ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ሰስን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከፍየል ግልገል ጥቂት ከፍ የምትል፣ በጥፍሯ ጫፍ የምትቆም፣ እኛ ቁልቁል አይተን የሚያዞረንን ገደል እንደ ሜዳ የምትሮጥበት እንስሳ ናት። የእናቲቱ ስም አስካለ ነበር። ታላቁ ልጇ ጓንጉል፣ ታናሹ ስንሻው ይባላሉ።

አባታቸው የሞተው ስንሻው ጡት ሳይጥል ነው። ስለዚህ ስንሻውን ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ መዝለል ያስተማረው ጓንጉል ነበር። የቱ ድንጋይ እንደሚከዳ፣ የቱ ቅጠል ሆድ እንደሚነፋ ያሳየውም ጓንጉል ነበር። ስንሻው ወንድሙን «ጋሼ» ይለዋል። አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

እነዚህ ሰሶች ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በገደሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች አሉ፤ አንደኛው ላይ ማማ፣ ሌላኛው ታች ማማ ይባላል። እናት ቅጠል ስትለቅም አንዱ ልጅ ላይ ማማ ላይ፣ ሌላው ታች ማማ ላይ ቆሞ ቆላውን ይጠብቃል። ነብር ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ያፏጫል። ፉጨቱ «አየሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው ወዲያው ይመልሳል። «እኔም አየሁ» ማለት ነው። ከዚያ እናት አጭር ፉጨት ታሰማለች። «ሰማሁ፣ ልጆቼ፣ ገብቻለሁ» ማለት ነው። እንዲያ ብላ ወደ ዓለት ስንጥቋ ትገባለች። አየሁ፣ እኔም አየሁ፣ ሰማሁ። ሌላ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ነብር ደግሞ ተደብቆ ካልመጣ በቀር ሰስን አይዛትም። መጀመሪያ አንድ ፉጨት ሲሰማ ጆሮውን ይጥላል፤ ሁለተኛው ሲመለስ ያዛጋል፤ ሦስተኛውን ሲሰማ ጅራቱን አጥፎ ይመለሳል። አባቱም አያቱም ከዚያ ገደል ሥር ሆዳቸው እንደተጣበቀ ነው የተመለሱት።

አሁን ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። አንድ ፉጨት ብቻውን ከሆነ በሰሶች ዘንድ አይታመንም ነበር። ልጆች ሲጫወቱ ያፏጫሉ፤ ወፍም ድምፃቸውን ታስመስላለች። ድሮ ድሮ በያንዳንዱ ፉጨት ደንግጠው ሲሮጡ ገደል የገቡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አባቶቻቸው «ሁለተኛው ሳይመልስ እግርህን አታንሳ» ብለው ደነገጉ። አስካለም ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ነው፤ እሷም የምትኖረው በዚህ ነው። በተለይ ሞራ ዓይኗን ከጋረደው ወዲህ ዓይኖቿ የልጆቿ ሁለት ፉጨቶች ነበሩ።

በዚህ መሃል በቆላ የሚገኝ የአንድ ምንጭ ጌታ፣ ሽማግሌው ዝሆን ሞተ።

ዝሆን ሲሞት ጎሽ ተነሣና «ምንጩ አንድ በር ይኑረው፤ ሁሉም በአንድ በር ገብቶ ይጠጣ» አለ። አጋዘን ደግሞ ተነሣና «ለየመንጋው የየራሱ በር ይኑረው፤ ማንም በማንም በር አይግባ» አለ። ሁለቱም ሲናገሩት ያምራል፣ አይደል? እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ ለማወቅ ዓይን ዓይኔን አትዩ። እሱን ልነግራችሁ አይደለም የተቀመጥኩት።

ይህንን ወሬ ወደ ገደሉ ያመጣው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ ሙሉ ቃል ተሸክሞ አያውቅም፤ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥላል። ለጓንጉል የጎሽን ደግ ቃልና የአጋዘንን ክፉ ቃል አመጣለት። ለስንሻው የአጋዘንን ደግ ቃልና የጎሽን ክፉ ቃል አመጣለት። አንድ ቀን ላይ ማማ ድንጋዩ ነፋስን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቀው። ነፋስም እኔ ምን አጠፋሁ፣ ጆሮ ወደሚሰጠኝ ነው የምነፍሰው፣ ደስ የሚላቸውን ሳመጣ ነው ጆሮ የሚሰጡኝ ብሎት አለፈ።

ልጆቹ ተራ በተራ ወደ ቆላ እየወረዱ ስብሰባ መስማት ጀመሩ። ጓንጉል ግንባሩን ጭቃ ተቀብቶ ተመለሰ፤ ጭቃው የጎሽ ወገን ምልክት ነበር። ስንሻው ቀንዱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ሰክቶ ተመለሰ፤ ቅጠሉ የአጋዘን ወገን ምልክት ነበር። አስካለ በዓይኗ አላየችም። አንደኛው ልጇ ጭቃ ጭቃ እንደሚሸት፣ ሌላኛው ሲራመድ ቅጠል እንደሚንኮሻኮሽበት ግን አወቀች። ምን ሆናችሁ ብትላቸው ነገሩን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይነግሯት ጀመር። ድምፃቸው እየጨመረ ሲሄድ አዳመጠቻቸውና በመጨረሻ እንዲህ አለች።

«ልጆቼ፣ እኛ ከመቼ ወዲህ ነው ከምንጭ የምንጠጣው?»

እውነቷን ነው። ሰስ ውሃዋን የምታገኘው ከቅጠሉና ከጤዛው ነው። ከምንጭ ሳትጠጣ ተወልዳ ከምንጭ ሳትጠጣ ትሞታለች። አንድ በር ቢሆን ሺህ በር ቢሆን በዚያ በር የምትገባበት ጉዳይ የላትም። ሁለቱ ልጆች አፋቸው ቅጠል ሞልቶ ነበር። ኋላ ጓንጉል ውጦ፣ ጉዳዩ የውሃ አይደለም፣ የእውነት ጉዳይ ነው አላት። ስንሻውም አዎን፣ የእውነት ጉዳይ ነው አለ። በዚያ ሰሞን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ከአንድ ቁጥቋጦ መብላት ተዉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይነሣል።

ቀጥሎ ወሰን አደረጉ። ሰስ ወሰን ስታሰምር ዓይኗን ከቅርንጫፍ ጫፍ ጋር ታሻሸዋለች፤ ከዓይኗ ሥር የሚወጣ ጥቁር ቅባት አለ፣ እሱ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ያን ያየ እንግዳ ሰስ ይመለሳል። አስካለ ይህን ያስተማረቻቸው ለባዕድ ነበር፤ በገደሉ ዳርና ዳር ብቻ ነበር የሚደረገው። እነሱ ግን ገደሉን መሃል ለመሃል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ዓይናቸውን እያሻሹ ከፈሉት። አስካለ በማግስቱ ቅጠል ልትቀነጥብ አፍንጫዋን ስታስጠጋ የልጆቿ ቅባት ሸተታት። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ከዚያም አንድ ጠዋት ይህ ሆነ። ስንሻው ወደ አጋዘን ስብሰባ ለመውረድ ተነሣ። ጓንጉል ላይ ማማ ላይ ቆሞ ሳለ በመንገዱ ዳር ሣር ውስጥ የነብር ጅራት አየና አፏጨ። ለወንድሙ ፈርቶ ነው ያፏጨው። ስንሻው ግን ሳቀ። ወደ ስብሰባው እንዳልሄድ ነው የሚያስፈራራኝ ብሎ በሌላ መንገድ ወረደ። ነብሩም መታየቱን አውቆ ሄዶ ኖሮ ስንሻው ምንም ሳይገጥመው ተመለሰ። መጥቶ ወንድሙ ድንጋይ ሥር ቆመ።

«የታል ነብሩ?» አለ ስንሻው። «ከእንግዲህ ጎሽ በሰጠህ አፍ ስታፏጭ አልመልስልህም፣ ጓንጉል።»

ጓንጉል አለው። ጋሼ አላለውም።

ጓንጉል ስለ ነብሩ የጠየቀውን ብቻ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ይመልስለት ነበር ይሆናል፤ እሱ ግን ከሁሉም ይልቅ የሰማው ስሙን ነው። «እኔም ያንተን አልመልስም» አለ። «እኔ ያሳደግሁት ስንሻው ሞቷል።»

አስካለ ስንጥቋ አፍ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች።

ከዚያ በኋላ እናት የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ጓንጉል ዘንድ ሄዳ ለመነችው፤ እሱ ይጀምር አለ። ስንሻው ዘንድ ሄዳ ለመነችው፤ እሱ ይጀምር አለ። ሽኮኮን ለሽምግልና ላከች። ሽኮኮ የገደሉ ጎረቤት ነው፣ የሰስን ቤት ገመና ያውቃል፣ ሲናገርም ለዘብ ያለ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን እንደጠራረገ ስንሻው አስቆመውና ከመናገርህ በፊት አንተ የማን ወገን ነህ አለው። ጓንጉልም በል ተናገር፣ እኛም እንወቀው አለ። ሽኮኮ እኔ የእናታችሁ ወገን ነኝ ቢል ሁለቱም አላመኑትም፤ ደብቆ ነው እንጂ ወገን አለው ብለው ሳያስጨርሱት አሰናበቱት። ሽኮኮም በመንገዱ ለራሱ እያጉረመረመ ሄደ።

ሁለቱም እናታቸውን ይወዱ ነበር፤ እሱ ላይ አትሳሳቱ። ጓንጉል በኔ ወሰን ነይና ብዪ ይላታል። ስንሻው በኔ ወሰን ነይና ብዪ ይላታል። አስካለ ግን ወደ አንዱም አልሄደችም።

«ወዳንዱ ከሄድኩ የሌላው እናት ማን ሊሆን ነው?» አለቻቸው። «እኔ እዚሁ መሃል እሆናለሁ።»

መሃል ማለት ወሰኑ ላይ ማለት ነው። እዚያ አንድ ደረቅረቅ ያለ ቁጥቋጦ ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ብቻ ትበላ ጀመር። ከስታ አጥንቷ ታየ። ልጆቿም ይህን አዩ፤ ሁለቱም ያከሳት ያኛው ነው አሉ።

እስቲ አንድ ጊዜ ውሃ ስጡኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። እ... እናንተ ወንድማማቾች ደግሞ ለምን አቀረቀራችሁ? ስለ ሰስ ነው አልኳችሁ።

ነብር ከገደሉ ሥር ተኝቶ ነበር። ነፋስ ሲያልፍ ጠራውና ላይ ቤት እንዴት ነው አለው። ነፋስ ወሬ መያዝ መች ያውቃል።

«ጸጥ ብሏል» አለው። «ድሮ ሦስት የነበረው ፉጨት አሁን አንድ ብቻ ሆኗል።»

ነብር ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ተቀመጠ። ያረጀ ነው፣ ተንኮሉ ግን አላረጀም። ሳይሞክር አያምንም።

መጀመሪያ ሆን ብሎ በላይ ማማ በኩል ታየ። ጓንጉል አይቶ አፏጨ። ታች ማማ ላይ ያለው ስንሻው አልመለሰም። እናትም «ሰማሁ» አላለችም፤ መልስ የሌለው ፉጨት ስለሆነ ወፍ ናት ብላ መብላቷን ቀጠለች። ነብር ቁጭ ብሎ አዳመጠና ቀስ ብሎ ሄደ።

ሁለተኛ ሆን ብሎ በታች ማማ በኩል ታየ። ስንሻው አይቶ አፏጨ። ላይ ማማ ላይ ያለው ጓንጉል ሰማ። አንገቱ ሊዞር ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩም ተንቀሳቅሶ ነበር። «ሞቷል» ያለው ነገር ትዝ አለውና ግንባሩን አኮሳትሮ ዝም አለ። እናትም መልስ የሌለው ፉጨት ስለሆነ መብላቷን ቀጠለች። ነብር ቁጭ ብሎ አዳመጠና ቀስ ብሎ ሄደ።

በዚያ ቀን ታች ማማ ድንጋዩ አላስችል አለው። ድንጋይ ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን ለነገር ነው።

«ስንሻው» አለው፣ «ላንተም ለዚያኛውም ነው የምናገረው። እኔ እዚህ የተገተርኩት ወደ ቆላ እንድታዩብኝ ነበር። እናንተ ቀኑን ሙሉ የምትተያዩት እርስ በርሳችሁ ነው።»

ስንሻው ግን ይህም ድንጋይ በጎሽ ተገዝቷል ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣ ነበር።

ሦስተኛ ነብር በመሃል መጣ። ወሰኑን፣ ያን በጥቁር ቅባት የተሰመረውን መስመር ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። መሃሉን ማንም አይጠብቅም ነበርና። ጓንጉል የራሱን ወገን ይጠብቃል፣ ስንሻውም የራሱን ወገን ይጠብቃል፤ ወሰኑ የማንም አልነበረም። አስካለ ብቻ ነበረች እዚያ፣ በደረቁ ቁጥቋጦ ሥር፣ ጀርባዋን ለቆላው ሰጥታ።

ጓንጉል ነብሩን ያየው ዘግይቶ ነው፤ ግን አየው። ወዲያው አፏጨ። እንደዚያ ቀን አፏጭቶ አያውቅም፤ ገደሉ በሙሉ ሰማው። አስካለም ሰማች። አንገቷን ቀና አደረገች፣ አንድ ጆሮዋን ወደ ታች ማማ አዞረች። አፏ ላይ የያዘችውን ቀንበጥ አላኘከችውም፣ አልጣለችውምም። ሁለተኛውን ፉጨት እየጠበቀች ነው። ያን ካልሰማች እግሯን አታነሣም፤ እንደዚያ ነው የተማረችው፣ እንደዚያ ነው ያስተማረችው።

ስንሻውም ሰማ። ደግሞም አየ። ይህን ልብ በሉ፣ ስንሻው ነብሩን አይቶታል። ቢጫው ነገር በድንጋዮቹ መሃል ሲሳብ በገዛ ዓይኑ አይቶታል። ፉጨቱም አፉ ውስጥ ነበር። ነገር ግን አሁን ካፏጨሁ ለእሱ መለስኩለት ማለት ነው አለ። እሱ እንደመለስኩለት ያወራዋል፣ አሸነፍኩት ይላል አለ። ይህን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ቅጠል ከቅርንጫፍ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ እናቱ ጆሮዋን ወደ እሱ አቅንታ መቆሟን አየና፣ እማዬ ብሎ አፏጨ።

«እኔም አየሁ» ብሎ አፏጨ። ነብሩ ግን ዘሎ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ከሁለቱ ድንጋዮች እየተንከባለሉ ወረዱ። ሲደርሱ መሃል ላይ ማንም አልነበረም። ቁጥቋጦው ተሰብሯል። በጥርስ ተይዛ የነበረች አንዲት ቀንበጥ፣ ሳትታኘክ፣ መሬት ላይ ወድቃለች። በቅርንጫፎቹ ላይ የሁለቱ ጥቁር ቅባት ጎን ለጎን ደርቆ ይታያል።

ቆሙ። ጓንጉል ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«ሰምተኸኝ ነበር?» አለ።

«ሰምቼህ ነበር፣ ጋሼ» አለ ስንሻው።

«አይተኸውስ ነበር?»

«አይቼው ነበር» አለ ስንሻው። ጓንጉል ይወጋኛል ብሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። ጓንጉል ግን አልወጋውም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ባለፈው አንተ ስታፏጭ እኔም ሰምቼህ ነበር» አለ። «ያን ቀን ነብሩ አልዘለለም እንጂ፣ እኔም እኮ ዝም ብዬ ነበር።»

ጓንጉል ያቺን ቀንበጥ በአፉ አነሣትና ስንጥቋ ውስጥ ወስዶ አኖራት። ስንሻው ከኋላው ተከተለው።

ብዙም ሳይቆይ ነፋስ መጣ። ያን ቀን አንድም ቃል ሳይጥል ሙሉውን ይዞ ነው የመጣው። ጎሽና አጋዘን ታርቀዋል አለ። ምንጩ ሁለት በር ይኑረው፣ ሁለቱን በሮች ግን አንድ ዘበኛ ይጠብቃቸው ተባብለው ተስማምተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ሆነው ይጠጣሉ፤ ትናንት አጋዘን ሲያስነጥሰው ጎሽ ይማርህ ብሎታል። አንድ ላይ ቆመውም ለሕዝቡ አስታውቀዋል። «በክርክራችን አንድም ነፍስ አልጠፋም» ብለዋል።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ግንባሩን በድንጋይ ላይ አሸ። ጭቃው ከደረቀ ቆይቶ ነበርና ተፈርፍሮ ወደቀ። ስንሻው ቀንዱን አራገፈ። ቅጠሉ ደርቆ ስለነበር አወዳደቁ እንኳ አልተሰማም። ነፋስ ሌላ ወሬ ሊጀምር ሲል ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጡት። ነፋስም ጆሮ ሲያጣ ወደ ሌላ ገደል ሄደ።

ታረቁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ ልመልስላችሁ። አሁን ከአንድ ቁጥቋጦ ይበላሉ። ወሰኑንም ዝናብ አጥቦ ወሰደው፤ መልሶ ያሰመረው የለም። ስንሻው «ጋሼ» ይለዋል፣ ጓንጉልም አቤት ይለዋል። ግን ሲበሉ አንገታቸውን አያቀኑም። አንዱ የሌላውን ዓይን ካየ በዚያ ዓይን ውስጥ የምትቆመው እሷ ናት፣ ጆሮዋን አቅንታ፣ መልስ እየጠበቀች።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ላይ ማማና ታች ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ቆላ አድርገው ይቆማሉ። ነብር ብቅ ሲል አንዱ ያፏጫል፣ አየሁ ይላል። ሌላው ሳይዘገይ፣ ወንድሙ ገና ሳይጨርስ ይመልሳል፣ እኔም አየሁ ይላል። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እስከ ዛሬ በዚያ ገደል በኩል ያለፈ ሰው ይህን ይሰማል። ሁለት ፉጨት፣ ከዚያ ዝምታ። እንግዳ ሰው አለቀ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የአገሩ ሰው ግን ጥቂት ቆም ይላል፤ ያ ዝምታ የእናትየዋ ቦታ መሆኑን ያውቃል። «ሰማሁ» የምትልበት ቦታ ነው። ልጆቿ እዚያ ላይ ሌላ ድምፅ አላስገቡበትም።

ተረቴ ይኸው ነው። ወስዳችሁ የፈለጋችሁበት አኑሩት። ለኔ የሚታየኝ ግን ይህ ነው፤ ጎሽና አጋዘን የራሳቸውን ነገር ራሳቸው ያበላሹታል፣ ራሳቸውም ያቃኑታል፤ እናንተ የእናንተን ስታበላሹ ግን የሚያቃናላችሁ አይመጣም። ስለ ምንጩ ተከራከሩ፤ አትከራከሩ አላልኩም። ወንድም ሲጠራ ግን መጀመሪያ አቤት ይባላል፣ ክርክሩ ኋላም ይደርሳል።

ዝናቡም ያባራ መሰለኝ። አይ... ቆይ። እስቲ ዝም በሉ። ይሰማችኋል? እናታችሁ ከጓዳ እየተጣራች ነው። የማንኛችሁን ስም እንደጠራች በውል አልሰማሁም፤ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም። ለማንኛውም ሁለታችሁም አቤት በሏት።